ስምንት ጣሳ ማር ለሁለት

ሰው ባልተማረው ነገር ቢዋረድ ማን ይፈርድበታል? እኔ የተዋረድኩት ግን በተማርኩት ነው። መማር ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ይዤ ሳስተምረው በኖርኩት ነገር ነው። ስለዚህ ከእናንተ መካከል የሒሳብ አስተማሪ ካለ፣ ይህን ለተማሪዎቹ እንዳያነብላቸው አደራ እላለሁ። የቀራችሁት ጠጋ በሉ።

አንድ የታወቀ እንቆቅልሽ አለ። ስምንት ሊትር የሚይዝ የሞላ ዕቃ ይሰጣችኋል፤ አምስትና ሦስት ሊትር የሚይዙ ሁለት ባዶ ዕቃዎችም ይጨመሩላችኋል። በአንዳቸውም ላይ ምልክት የለም፣ መስመር የለም። ሌላ መለኪያ ሳትነኩ ፈሳሹን ለሁለት እኩል ክፈሉ ይላል። ከአንዱ ወደ አንዱ ሲገለብጡ፣ ሲገለብጡ፣ በሰባተኛው ላይ አራት ለአራት ይወጣል። ይህን እንቆቅልሽ እወደዋለሁ። ተማሪዎቼ ማዛጋት ሲጀምሩ አወጣዋለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ አወጣዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ለትዳር ልተዋወቃት የሄድኩ ሴት ፊትም አውጥቼዋለሁ። እስካሁን ሳላገባ የቀረሁት በእሱ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አላምንም፤ ልጅቷ አራተኛው ላይ ነው የተነሳችው፣ ብትታገስ ኖሮ ይደርስላት ነበር።

የምኖረው ጎጃም፣ አምበር ነው። ተወልጄ ያደግኩት አዳማ ሲሆን፣ የሥራ ዕጣ እዚህ ጣለኝና ብርድ ማለት ምን እንደሆነ አወቅኩ። የተከራየኋት ክፍል አባባ አለነ የሚባሉ አዛውንት ግቢ ውስጥ ናት። አባባ አለነ በወጣትነታቸው ዲማ ቅኔ ሲማሩ ቆይተው፣ አባታቸው ሲሞቱ ከጉባኤው ወጥተው ወደ እርሻ የተመለሱ ሰው ናቸው። እርሻውን በእርጅና ተዉት፤ ቅኔው ግን አልተዋቸውም። እንዴት አደሩ ስላቸው የሚመልሱልኝ መልስ እንኳ የሚገባኝ ትምህርት ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀራቸው፣ ከቤቱ ጎን ወይራው ላይ የተሰቀሉ ሰባት ቀፎዎችና ሁለት ልጆች ናቸው። ንቦቹ ይስማማሉ።

ታላቁ ልጃቸው አያ ምትኩ ከወንዙ ማዶ ያርሳል። አምሳ ዓመት የተጠጋው፣ አንድ ቃል ለመናገር ሁለት ጊዜ የሚያስብና አስቦም የሚተወው ሰው ነው። ታናሿ እትዬ የሺ ትዳሯ ከገበያው በታች ነው፤ እሷ ደግሞ የወንድሟን ድርሻ ጨምራ ትናገራለች። ሁለቱም አባታቸውን ይወዳሉ። እሱ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለስ ይመጣል፣ እሷ እሑድ ከቅዳሴ ስትወጣ። ቀኑ ከተገጣጠመ አንደኛው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ የሌላውን መውጣት ይጠብቃል። አንድ ቀን እትዬ የሺ አጥሩ ሥር ቆማ ዝናብ ሲደበድባት አይቼ፣ ኧረ ይግቡ ብላት፣ መጀመሪያ ያ ሰውዬ ይውጣ አለችኝ። ያ ሰውዬ የምትለው የእናቷን ልጅ ነው።

ጎረቤቶች እንደሚሉት ጠቡ የመጣው ባለፈው ዓመት ማር ሲካፈሉ ነው። አያ ምትኩ ጣሳ ይዞ አንድ ለአንቺ፣ አንድ ለእኔ እያለ ይሰፍራል። እህቲቱ የአንተ ጣሳ ትከሻ እያወጣ ነው፣ የእኔው ሆዱ ገብቷል አለችው። እሱ እንደ ልማዱ አልመለሰም። ጣሳውን ይዞ ከቤቱ በታች ወዳለው ገደል ሄደና ወረወረው። ማሩ ሳይካፈሉት ቀርቶ ረጋ፣ ጠጠር ሆነ፤ ማንም አልነካውም።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ማሩ ተቆረጠ፣ ተጣራ፤ ትልቁ ጥቁር ማሰሮ ጢም አለ። አባባ አለነ ጠሩኝና ለልጆቻቸው እንድደውል ላኩኝ። መልእክቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ "'ኑ፣ ማሩ' ብሏችኋል በላቸው" አሉኝ። እኔም ደወልኩና፣ አባባ ኑ ብለዋል፣ ማሩ ደርሷል አልኳቸው። የተላከብኝ ቃል ሌላ እንደነበር የገባኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ብላክ ቦርድ እየጠረግኩ ነው። ሽማግሌው ማሩ ያሉት፣ ምሕረት አድርጉ፣ ይቅር ተባባሉ ማለታቸው ነበር። ወርቁን ሰጥተውኝ እኔ ሰሙን አደረስኩ። ቅኔ በስልክ የሚልክ ሰው፣ መልእክተኛውን ከአዳማ አያስመጣም።

ያም ሆኖ ነገሩ ቀላል አልነበረም። አባባ አለነ ዘንድሮም ካልተስማሙ ቀፎዎቹን አውርጄ ለጎረቤት እሰጣለሁ ብለዋል። ንብ ጠብ ያለበት ቤት አይከርምም፣ ሳይሄዱብኝ እኔው ልሸኛቸው ነው የሚሉት። ሲናገሩት ድምፃቸው አልተለወጠም፤ እጃቸው ግን በትራቸውን ሲያሻሽ አየሁ። እኔም አዘንኩ። አባቴን በሕፃንነቴ ነው ያጣሁት፤ በእኝህ ሽማግሌ ደጅ ሳልፍና ሳገድም፣ አባት ያለው ሰው መሆን ምን እንደሚመስል ትንሽ ትንሽ ቀምሻለሁ። እንግዲህ ልርዳቸው አልኩ። ሰው ልርዳ ሲል ነው ሰይጣን ወንበር ስቦ የሚቀመጠው።

ችግሩ መለኪያ ነው። ለምን በሚዛን አትመዝኑትም ትሉኝ ይሆናል፤ እኔም ብያለሁ። የአምበሩ ሚዛን ባለቤት የእትዬ የሺ ባል ዘመድ ሆነ፤ አያ ምትኩ በስልክ ራሱን ሲነቀንቅ ተሰማኝ። የጉንደ ወይኑ ባለሚዛን ደግሞ የአያ ምትኩ ሚዜ ነበር። በብርጭቆ እንስፈር ብል፣ ከማን ቤት በመጣ ብርጭቆ? የውሃ ፕላስቲክ ብል፣ በኅዳር ብርድ የጎጃም ማር በዚያች ጠባብ አንገት አልፎ እስኪሞላ የሚቀጥለው ማር ይደርሳል።

ይህን ሳወጣና ሳወርድ አባባ አለነ ከተቀመጡበት ሆነው እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ ይህች ማሰሮ በደህናው ዘመን ስምንት ጣሳ ነበር የምትይዘው አሉ። ያቺ ሰማያዊ ባልዲ አምስት ትሞላለች፣ ድስቷ ደግሞ ሦስት።

ቆምኩ። እንዴት ልንገራችሁ? ሰው ሎተሪ ሲወጣለት እንዲህ ይሆን ይሆናል። ስምንት፣ አምስት፣ ሦስት! ዘጠኝ ዓመት በጠመኔ የሣልኳቸው ሦስት ዕቃዎች፣ አንዱ ማሰሮ፣ አንዱ ባልዲ፣ አንዱ ድስት ሆነው እደጅ ተቀምጠዋል። ያንኑ ሰዓት ሁለቱም ጋ ደወልኩ። ማንም ሰው እጁን ሳያስረዝም፣ ማንም ሳይጎዳ፣ አራት አራት ጣሳ የሚያወጣ መንገድ አግኝቻለሁ አልኩ። አያ ምትኩ መንገዱ ከመንግሥት የመጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሒሳብ ነው አልኩት። እንግዲያው ይሞከር አለ። እትዬ የሺ ደግሞ ያ ሰውዬ ከተስማማ ተንኮል አለበት ማለት ነው ካለች በኋላ፣ ተንኮሉን ለማየት እመጣለሁ አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ማሰሮው ማር ስለያዘ በእሱ ፈንታ ሳፋ ውስጥ ስምንት ጣሳ ውሃ አድርጌ ተለማመድኩ። ሰባቱን ግልበጣ ያለ ስህተት ጨረስኩ፤ ሳፋው ውስጥ አራት፣ ባልዲው ውስጥ አራት። ጉዳቱ የዘጠነኛ ክፍል የፈተና ወረቀት መራሱ ብቻ ነው። አባባ አለነ ከመደባቸው ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና፣ ማር ውሃ አይደለም፣ ቲቸር አሉኝ። ለሒሳብ ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው አልኳቸው። እሳቸውም ለሒሳብ ይሁን ብለው ፊታቸውን ወደ ቀፎዎቻቸው አዞሩ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱም መጡ። አንደኛው በአንድ ጥግ፣ ሌላዋ በሌላው ጥግ፣ ጀርባ ለጀርባ ሊሆኑ ምንም ሳይቀራቸው ተቀመጡ። ንግግራቸው በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ቲቸር፣ ማሰሮው ሲከደን እንዳላየሁ ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ ትላለች። እሱ ሁለት ክንድ ርቆ ተቀምጦ ይሰማል፤ እኔ ደግሞ ማሰሮው ሲከደን አላየችም ብዬ እነግረዋለሁ። እሱ ዝም ይላል፤ ዝም ብሏል ብዬ ለእሷ አደርሳለሁ።

አባባ አለነ ሥራውን ቤት ውስጥ አድርጉት አሉ። እኔ እምቢ አልኩ። ግልጽነት ያስፈልጋል፣ ብርሃን ያስፈልጋል፣ ሁሉም በዓይኑ ማየት አለበት አልኩ። ትምህርት ቤታችን በቅርቡ በመልካም አስተዳደር ላይ ስብሰባ ነበረን፤ ገና ከውስጤ አልወጣም ነበር። ማሰሮውን ተሸክሜ ግቢው መሀል፣ ከወይራው ፊት ለፊት አስቀመጥኩ። ሰባቱን ቅደም ተከተል በግራ መዳፌ ላይ በስክሪፕቶ ጽፌዋለሁ።

አንደኛው ግልበጣ፣ ከማሰሮው ወደ ባልዲው። ማሰሮውን አዘነበልኩት፤ ምንም አልመጣም። ጨምሬ አዘነበልኩት፤ ከአፉ ላይ አንድ ወፍራም ምላስ ብቅ አለና ቆመ። ያ ማር እንደ ቢሮ ጉዳይ ነው፤ መጣ ሲሉት ይቀራል፣ ቀረ ሲሉት ይመጣል። ባልዲው እስኪሞላ ክንዴ ተንቀጠቀጠ፣ ወገቤ ጮኸ፣ እትዬ የሺ የሠፈሩን ሐሜት በሙሉ ጨረሰች። ግን ሞላ። ሁለተኛው፣ ከባልዲው ወደ ድስቱ። እሱም ሞላ። ልቤ ሞቀ።

ሦስተኛው ላይ የድስቱን ማር ወደ ማሰሮው መልሼ ድስቱን ባዶ ነው ብዬ አሳየሁ። እትዬ የሺ ተነስታ አንገቷን አስግጋ አየች። በድስቱ ግድግዳ ላይ ጣት የሚያህል ማር ተለጥፎ ቀርቷል።

"ይሄስ የማን ነው?" አለች።

በመጽሐፉ ላይ ያሉት ዕቃዎች ሲገለበጡ ባዶ ይሆናሉ። በጣቴ ዙሪያውን ጠርጌ ወደ ማሰሮው ማንጠባጠብ ጀመርኩ፤ ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ሐሳቤ አራተኛው ግልበጣ ላይ ነበርና ጣቴን አፌ ውስጥ ከተትኩት። ማር የነካ እጁን ይልሳል፣ እሱ የታወቀ ነው፤ ዳኛ ሆኖ መላስ ግን ሌላ ነው። አያ ምትኩ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። "በስንት ይታሰብ?" አለ። እህቱ ለአንድ አፍታ ልትስቅ ስትል አየኋት፤ የተናገረው ማን እንደሆነ ትዝ ሲላት ግን ከንፈሯን ነከሰች።

እኔ አፍሬ፣ እንግዲህ መፍትሔው ማሩን ማሞቅ ነው፣ ሲቀጥን አይለጠፍም ብዬ ሦስቱንም ዕቃ ገላልጬ ፀሐይ ላይ አሰለፍኳቸው። ልብ በሉልኝ፣ ሰባት ቀፎ ንብ ካለበት ዛፍ ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የራሳቸውን ማር ክዳኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። አባባ አለነ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና፣ ተዉት። ለምን እንደተዉት ሳስብ እኖራለሁ።

መጀመሪያ አንዲት መጣች። የባልዲውን ከንፈር ዞረች፣ አየች፣ ሄደች። ደህና ንብ ናት አልኩ። ለካ ልትነግራቸው ነው። አራተኛውን ገልብጬ ሁለቱን ጣሳ ድስት ውስጥ ሳስቀምጥ አሥር ነበሩ። አምስተኛውን ለመጀመር መዳፌን ባይ፣ ጽሑፉ የለም፤ ማሩና ላቡ አጥበውት ሰማያዊ ጭቃ ሆኗል። ከማሰሮው ወደ ባልዲው ነው? ወይስ ከድስቱ ወደ ማሰሮው? ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኩት ነገር እንደ ወፍ በረረ። ቆሜ ሳስብ ደግሞ ድምፁ ተለወጠ። ንብ ሲቆጣ የሰማ ያውቀዋል፤ ድምፁ በጆሮ አይደለም የሚገባው፣ በጉልበት ነው።

የመጀመሪያዋ የግራ ዓይኔን ቆብ ነደፈችኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን በትክክል አላስታውስም። እትዬ የሺ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤት ስትሮጥ፣ አያ ምትኩ ከኋላዋ ሲከተል፣ እኔም ከኋላቸው ስበር ይታየኛል። ሁለቱ ጓዳ ገብተው በሩን ሊዘጉ ሲሉ እንደምንም ተስፈንጥሬ ገባሁ። በሩ ተዘጋ። ዞር ብዬ ባይ በሁለት እጄ ድስቱን አቅፌያለሁ። ሁለት ጣሳ ማርና የተከተሉኝን ንቦች ይዤ ነው የመጣሁት።

ጓዳዋ ሦስት ሰው ለማቆም የተሠራች አይደለችም። በአንድ በኩል የእህል ጎታ፣ በሌላ በኩል ሞፈርና ቀንበር፤ እኔ በመሀል ድስት አቅፌ። አያ ምትኩ በጋቢው ጫፍ ንቦቹን አንድ በአንድ አረገፋቸው። በበሩ ስንጥቅ በምትገባው ብርሃን እትዬ የሺን አየናት፤ ሁለቱ ቅንድቦቿ መሀል ተነድፋ ፊቷ ማበጥ ጀምሯል። እንባዋ ይወርዳል፣ ግን ድምፅ አላወጣችም።

አያ ምትኩ አያት፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ አያት። ከዚያ አገጯን ይዞ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረና በዚያ በሻከረ ጥፍሩ መንደፊያውን ሊነቅልላት ጀመረ።

"ቀስ፣ አያ" አለች።

አያ አለችው። ዓመት ሙሉ ያ ሰውዬ ሲባል የኖረው ሰው እጁ በአየር ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ አለ፤ መንደፊያውን ነቅሎ በጣቱ ጫፍ ላይ አሳያት፣ ልክ ሕፃን ሆና ያሳያት እንደነበረው መሰለኝ። እኔ ወደ ጎታው ለመግባት ሞከርኩ፤ የሚቻል አልነበረም።

ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጠቡ የጣሳ እንዳልነበረ ነገረችው። ከማሩ በፊት በነበረው ክረምት ታማ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር፤ አሥራ አንድ ቀን። የባሏ ወገን በሙሉ መጥቶ ጠይቋታል፤ የእሷ ወገን የምትለው ግን ከሽማግሌ አባቷ ሌላ አንድ ወንድም ነው ያላት። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል እንደነበር ነገረችው።

"አንተ ግን አልመጣህም።"

"መጥቼ ነበር።"

"መቼ?"

"በአምስተኛው ቀን። በሩ ድረስ።"

ከዚያም አያ ምትኩ በሕይወቱ ሙሉ የተናገረውን የሚያህል ንግግር በአንድ ጊዜ ተናገረ። ከእርሻ ነበር የተነሳው፤ ጭቃው ከእግሩ አልወረደም። በሩ ላይ ሲደርስ የአማቶቿ ወገን ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሳህኑን በጨርቅ አስሮ ሲገባ አየ። በዚህ ሁኔታዬ ገብቼ ከማሳፍራት አለና ይዞ የመጣውን ብርቱካን ለጥበቃው ሰጥቶ፣ ስሙን እንዳይናገር አደራ ብሎ ተመለሰ። እነግራታለሁ ሲል ሰነበተ፤ ከዚያ ማሩ መጣ።

እትዬ የሺ ዝም አለች። እኔ እሷን ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

"ስንት ነበር ብርቱካኑ?" አለችው።

"ስድስት። አንዱ ጠቆር ያለ ነበር።"

"ማኅበርተኞቼ የላኩት መስሎኝ ነበር" አለች። "ጠቆር ያለውን ጨምሬ ብቻዬን ነው የበላሁት፤ ለማንም አልሰጠሁም።"

በዚያች ቅጽበት አንዲት ንብ በሸሚዜ አንገትጌ ገብታ በማጅራቴ ላይ ትሄድ ነበር። ብነቃነቅ ድስቱ ይንኳኳል፣ ብጮህ ነገሩ ይበላሻል። አልተነቃነቅኩም። አንገቴና ትከሻዬ መሀል ደርሳ፣ ቦታውን ወደደችውና ነደፈችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጥርሴን ነከስኩ። በዚያን ቀን ከሠራሁት ሁሉ እንደ ሰው የሠራሁት እሱን ብቻ ነው።

ከውጭ የአባባ አለነ ድምፅ ተሰማ፤ ውጡ፣ ሄደዋል አሉን። ስንወጣ ግቢው በኩበት ጭስ ታፍኗል። ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ንብ መሀል አንዲትም ሳትነካቸው ኩበት አጭሰው፣ ንቦቹን መልሰው፣ ማሰሮውን ከድነው ተቀምጠዋል። ባልዲው ባዶ ነው። ግድግዳው ላይ የቀረውንም ጠርጌ ማሰሮው ውስጥ መለስኩት አሉኝ። አራት ግልበጣ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ማጅራት፤ ሁሉም ወደ ማሰሮው ተመለሰ። ያቀፍኩትን ድስት ተቀብለው እሱንም ጨመሩት።

እንግዲህ አሁን ምን ይደረግ ስል፣ አያ ምትኩ ባልዲው ይሙላላትና ትውሰደው አለ፤ አምስቱ ለእሷ፣ የተረፈው ለእኔ። እትዬ የሺ ተቆጣች። ቤተሰብ የበዛበት እሱ ነው፣ አምስቱ ለእሱ፣ ለእኔ ድስቷ ትበቃኛለች አለች። እሱ እምቢ። እሷ እምቢ። ድምፅ ከፍ አለ። ታማ የከረመችው እሷ ናት ይላል፤ ስድስት ብርቱካን በልቼ ነው የከረምኩት ትላለች። ጎረቤት አጥሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ዘንድሮም ተጣሉ ብሎ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንዱ ለአንዱ ጨምሮ እንዳይሰጥ፣ በሚመጣው እሑድ ቲቸር እኩል አድርጎ ያካፍለን አሉ። በአንድ ዓይኔ አየኋቸውና እሺ አልኩ።

ሲሄዱ አብረው ወጡ። መንገዳቸው አንድ አይደለም፤ እሱ ወደ ወንዙ፣ እሷ ወደ ገበያው ነው። አያ ምትኩ ግን ወደ ገበያው ታጠፈ፤ ፊቷ ስላበጠ መንገዱ አይታያትም ብሎ ነው። እትዬ የሺ ምንም ሳታቋርጥ ስታወራ፣ እሱ ምንም ሳይመልስ ሲሰማ፣ እስኪርቁ ድረስ ድምፅዋ ይሰማን ነበር።

አባባ አለነ ወንበራቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቁጭ ብለው ያዩአቸዋል። አጠገባቸው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ማር ውሃ አለመሆኑን ተምሬያለሁ፣ በሚመጣው እሑድ ቤት ውስጥ ሆኜ፣ ማሩንም አሙቄ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ እጨርሰዋለሁ አልኳቸው። በትራቸውን መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። ቅኔ እያዘጋጁ መስሎኝ ነበር፤ የመጣው ግን ሰምም ወርቅም የሌለው ተራ አማርኛ ነው።

"ቲቸር" አሉኝ፣ "ሁለቱ ልጆቼ በአንድ በር ሲወጡ ካየሁ ዓመት አልፎኛል። እባክህ፣ ቶሎ እንዳትጨርሰው።"

ይኸው ዛሬ አራተኛ እሑዳችን ነው። አንዱን እሑድ ማሩ ረግቷል አልኩ። በሌላው፣ ባልዲው የተቀመጠበት መሬት ዘንበል ይላል አልኩና ወንድምና እህት ዶማ ይዘው ሲደለድሉ ዋሉ። ባለፈው ስድስተኛው ላይ ደርሼ ቁጥሩ ጠፋኝ። በየመሀሉ ዳቦ ይመጣል፣ ከማሰሮው ይቀመሳል፣ ስለዚህ ስምንቱ ጣሳ አሁን ስድስትም አይሞላ፤ ማንም አልቆጠረውም። አያ ምትኩ ወደ እህቱ ጠጋ ብሎ፣ ይሄ ሰው ልጆቹን እንዴት ነው የሚያስተምራቸው ሲል ሰምቼዋለሁ፤ እሷም አዘነችልኝ። ግድ የለም። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን እንቆቅልሽ በትክክል የሚፈቱበት መንገድ ጥቂት ነው፣ የሚሳሳቱበት ግን ብዙ ነው፤ ገና አራቱን ነው የተጠቀምኩት።